ፓኒርን በደጋ ወጥ ቤት ማዘጋጀት፦ ከልኬቱ ስሌት እስከ መጫኛው

ፓኒር በሕንድ ወጥ ቤቶች የተለመደ፣ ካልረጋ ወተትና ከጥቂት ሎሚ ወይም አቼቶ በቀር ምንም የማይገባበት አይብ ነው። በቢላ ይቆረጣል፤ በዘይት ወይም በቅቤ ይጠበሳል፤ ወጥ ውስጥ ገብቶ ቢንተከተክም ቅርጹን ይዞ ይቆያል እንጂ አይቀልጥም። ሥራው መጫኛውን ጨምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ዕቃውም ብረት ድስት፣ ማማሰያ፣ ወንፊትና ንጹሕ ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በደብረ ብርሃን ቤቴ ደጋግሞ የተበላሸብኝ በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው በእጄ የነበሩት የአዘገጃጀት ጽሑፎች የሚጠቀሙበትን መለኪያ በትክክል ወደ እኛ ባለመመለሴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መቀመጧን ከድስቱ ጋር ባለማገናዘቤ ነው። ስለዚህ ከአሠራሩ በፊት ስለ ሁለቱ በሰፊው እጽፋለሁ።

ፓኒርና የእኛ አይብ

አይብ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ቤት የለም፤ በመሆኑም ልዩነቱን መረዳት አያስቸግርም። የእኛ አይብ የሚጀምረው ከእርጎ ነው። ወተቱ ረግቶ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በቀስታ እሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ሆኖ ይለያያል። አሬራውን ያኮመጠጡት ወተቱ ሲረጋ በውስጡ የተባዙት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ሌላ አሲድ መጨመር አያስፈልግም፤ ቅቤው ቀድሞ ስለወጣም አይቡ ስቡ ያነሰ፣ እርጥብና ፍርፍር ያለ ይሆናል። ፓኒር ግን ቅቤው ካልወጣለትና ካልረጋ ወተት የሚሠራ ነው። ወተቱ እስኪፈላ ይሞቅና አሲዱ ከውጭ ይገባበታል።

ማፍላቱ ለንጽሕና ብቻ የሚደረግ አይደለም። የወተት ዋነኛ ፕሮቲን ካዜይን ይባላል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በወተቱ ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። አሲድ ሲገባ መገፋፋቱ ይጠፋና ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፤ ሲያያዙም ስቡን አብረው ይይዙታል። ከዚህ ሌላ በተለምዶ ከአጓቱ ጋር ፈስሰው የሚሄዱ ፕሮቲኖች አሉ። ወተቱ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እነዚህ ባሕርያቸው ተለውጦ ከካዜይኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ በደንብ ከፈላ ወተት የሚገኘው ፓኒር በመጠኑም በልስላሴውም ይሻላል። ፕሮቲኖቹ በአሲድና በሙቀት አጥብቀው ስለተያያዙም ፓኒር ዳግም ሲሞቅ ውሃ ይለቃል እንጂ እንደ ፒዛ አይብ አይሳብም።

«ሩብ ስኒ» ስንት ነው?

በአማርኛ የሚጻፉ የምግብ አዘገጃጀቶች የውጩን መለኪያ አንዳንዴ «ስኒ»፣ አንዳንዴ «ኩባያ»፣ አንዳንዴም «ብርጭቆ» ብለው ይመልሱታል። ሦስቱም በቤታችን ያሉ፣ መጠናቸው ግን የማይገናኝ ዕቃዎች ናቸው። ፓኒር ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩ ዕለት የያዝኩት ጽሑፍ «ግማሽ ጋሎን ወተትና ሩብ ስኒ የሎሚ ጭማቂ» ይል ነበር። ከረከቦቱ ላይ አንድ የቡና ስኒ አንስቼ ሩቡን ያህል ሎሚ ጨመቅኩበትና ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ወተት ላይ አፈሰስኩት። ወተቱ አልተለየም። እንደ ሩዝ ውሃ ደፍርሶ፣ ዳር ዳሩን ጥቂት ፍርፋሪ አሳይቶ ቀረ። ወተቱን ውሃ የበዛበት ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ጥፋቱ ግን የመለኪያው ነበር።

ጽሑፉ ስኒ ያለው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን የአሜሪካ መለኪያ ነው፤ ሩቡ 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የእኔን የቡና ስኒ በኋላ ስለካው የያዘው 70 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር፤ የዚህ ሩብ ከ18 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከሚያስፈልገው አሲድ ሲሶውን እንኳ አልጨመርኩም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ማንኛውንም የአዘገጃጀት ጽሑፍ ስናነብ ቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን «ይህ ስኒ በሚሊ ሊትር ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ጽሑፉ የአሜሪካ ከሆነ 240፣ የአውስትራሊያ ከሆነ 250 ሚሊ ሊትር ብሎ መያዝ ይቻላል፤ ልዩነቱ ለፓኒር ጉዳት የለውም።

ቀጥሎ የራስን ዕቃ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዘለቄታው የሚያገለግል ነው። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ይግዙ። በውስጡ ያለው 500 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ውሃውን በሚለኩት ዕቃ እየሞሉ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ይቁጠሩና 500ን በቁጥሩ ያካፍሉ። የእኔ ውሃ ሰባት የቡና ስኒ ሞልቶ ጥቂት ተረፈው፤ 70 ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው። በዚህ ሒሳብ የአሜሪካው አንድ ስኒ በእኔ ስኒ ሦስት ተኩል ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ስኒ ከእኔ ሊተልቅ ወይም ሊያንስ ስለሚችል የእኔን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱት። ባዶውን ጠርሙስ በኋላ እስከ አፉ ሞልቶ ለመለኪያነት መጠቀም ግን አይገባም፤ እስከ አፉ ሲሞላ ከ500 በላይ ይይዛልና። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ያለው ሰው ሥራው ይበልጥ ይቀልለታል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን ዕቃውን ባዶውን፣ ከዚያም ውሃ ሞልቶ መዝኖ ልዩነቱን መያዝ ይበቃዋል።

ለማንኪያ የሚሻለው መለኪያ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ማስቀመጫው ውስጥ ይገኛል። ከሕፃናት ሽሮፕ ጋር የሚመጣው ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ 5፣ 10 እና 15 ሚሊ ሊትር የሚል ምልክት አለው። በጽሑፎቹ የሻይ ማንኪያ የሚባለው 5፣ ሾርባ ማንኪያ የሚባለው ደግሞ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአውስትራሊያ ብቻ ሾርባ ማንኪያው 20 ነው። በመሳቢያችን ያሉት ማንኪያዎች ለመብያ እንጂ ለመለኪያ የተሠሩ ስላልሆኑ አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የታጠበውን የሽሮፕ መለኪያ መጠቀም ከሁሉ ይበልጣል።

ሌሎቹ ደጋግመው የሚያጋጥሙት መለኪያዎች እነዚህ ናቸው፦

አንድ የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ፣ ግማሹ 1.9 ሊትር
አንድ የአሜሪካ ኳርት 946 ሚሊ ሊትር
አንድ ፓይንት በአሜሪካ 473፣ በእንግሊዝ 568 ሚሊ ሊትር
አንድ ፓውንድ 454 ግራም
አንድ የክብደት አውንስ 28 ግራም ገደማ
አንድ የፈሳሽ አውንስ በአሜሪካ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ

ከእነዚህ ውስጥ ሰውን የሚያሳስተው አውንስ ነው፤ በአንድ ስም ክብደትም ይዘትም ይለካበታልና። ስለ ወተት ሲነገር የፈሳሽ አውንስ፣ ስለ ፓኒር ሲነገር የክብደት አውንስ መሆኑን ከነገሩ መረዳት ይቻላል። ለምሳሌ አንድ የቆስጣ በፓኒር አዘገጃጀት «14 አውንስ ፓኒር» ቢል፣ 14ን በ28.35 ስናባዛ 397 ግራም ይመጣል። ከአንድ ሊትር የላም ወተት ከ160 እስከ 180 ግራም ፓኒር ይገኛል ብለን ብናስብ ለዚህ ወጥ ከ2.2 እስከ 2.5 ሊትር ወተት ያስፈልገናል። በዚህ መንገድ ማስላት ካወቅን የጠዋቱን ወተት ስንገዛ ሳይጎድል ሳይተርፍ እንገዛለን።

ይዘትን ወደ ክብደት መመለስ ሲያስፈልግ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር የየራሱ ቁጥር እንዳለው አይዘንጉ። ጤፍና ገብስ በአንድ ቁና ተሰፍረው እኩል እንደማይመዝኑ ሁሉ፣ በ240 ሚሊ ሊትሩ ስኒ የተሰፈረ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ሲመዝን ስኳር 200፣ ቅቤ ደግሞ 227 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ስለሆነ ለወተት ሊትሩን እንደ ኪሎ ቆጥሮ መሥራት ይቻላል።

የማይደረስበት 93 ዲግሪ

ፋራናይትን ወደ ሴንቲግሬድ ለመመለስ 32 ይቀነሳል፤ የቀረው በ5 ተባዝቶ ለ9 ይካፈላል። ፓኒርን የሚመለከቱ ብዙ የአሜሪካ ጽሑፎች «ወተቱን እስከ 200 ፋራናይት አሙቁት» ይላሉ፤ ስሌቱ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሰጣል። ይህን አስልቼ፣ ቴርሞሜትር ተውሼ፣ ሁለት ሊትር ወተት ጥጄ ቆምኩ። ቁጥሩ 88፣ 89፣ 90 እያለ ወጣና 91 ላይ ሲደርስ ቆመ። ወተቱ ተነሣ፤ እሳቱን ቀንሼ ጠበቅኩ፤ ዳግም ተነሣ፤ ቁጥሩ ግን ከዚያች ቦታ አልነቃነቅም አለ። 93ን ስጠብቅ ወተቱ ከታች አረረ፤ የዚያን ዕለቱ ፓኒር ያረረ ወተት ይሸት ስለነበር ማንም አልበላውም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብሎ ማስላት በቂ ነው። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ 90.5 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ወተትም ከውሃ የሚለየው በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። መንዝ ላይ ከዚህም ይወርዳል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደን 1280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን መፍያው ወደ 96 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚያ 93 ይደረሳል፤ እኛ ዘንድ ሌሊቱን ሙሉ ቢነድም አይደረስም። ለደጋ ሰው ትክክለኛው ትርጉም «ወተቱ አንድ ጊዜ በደንብ ተነሥቶ እስኪፈላ» የሚለው ነው።

ዝቅ ብሎ መፍላቱ ያስጋል ወይ ቢባል አያስጋም። ወተትን ከበሽታ ለማንጻት 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ ማቆየት እንደሚበቃ የታወቀ ስለሆነ፣ በደብረ ብርሃን የፈላ ወተት ከዚህ እጅግ ያለፈ ነው። ጥሬ ወተት ግን ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ሳይፈላ በሎሚ ብቻ ለማርጋት መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ከፍታ አንድ ጥቅምም አለው። ቴርሞሜትርዎ ትክክለኛ መሆኑን ማወቅ ቢፈልጉ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያስገቡት፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ወይም 91 ካለ ጤነኛ ነው፤ 97 ካለ ግን የተሳሳተው እሱ ነው።

ወተቱን መምረጥ

የዚያኑ ቀን ጠዋት የታለበ ወተት ይሻላል። የማታና የጠዋት ወተት ተቀላቅሎ የመጣ እንደሆነ መኮምጠጥ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በትንሽ ዕቃ ሁለት ማንኪያ ያህል አፍልቶ ማየት ይገባል፤ ሎሚ ሳይገባበት ከተቆራረጠ ለእርጎ እንጂ ለፓኒር አይሆንም። የአገሬው ላም ወተት ከዲቃላዎቹ ወተት ይልቅ ስብ ስለሚበዛበት ፓኒሩ ይበልጥ ልስልስ ይሆናል። የዲቃላዎቹም ቢሆን በደንብ ይሠራል፤ እኔ የምገዛው እሱን ነው። ውሃ የበዛበት ወተት ያንኑ ያህል ሎሚ እየፈጀ የሚሰጠው ፓኒር ግን ትንሽ ነው። የላዩ ክሬም የተገፈፈለት ወተት ደረቅና እንደ ላስቲክ የሚጎተት ፓኒር ያወጣል። በፋብሪካ የተሠራ የላስቲክ ወተት ይሆናል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለወራት የሚቆየው በካርቶን የታሸገው ወተት ግን እጅግ ከፍ ባለ ሙቀት ስላለፈ አይቡ ልል ሆኖ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል።

ወተቱ የመጣበት ዕቃ በወይራ የታጠነ ከሆነ መዓዛው ወደ ፓኒሩ ይገባል። ለእኔ ይህ ነውር ሳይሆን ጌጥ ነው፤ በቅቤ ለሚጠበስ ፓኒር እንዲያውም ሆን ብዬ እፈልገዋለሁ። ለልጆች ጣፋጭ የሚሠራበት ከሆነ ግን ያልታጠነ ዕቃ ይሻላል።

አሠራሩ

ለሁለት ሊትር ወተት 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት ሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያዘጋጁ፤ ፍሬውንና ፋይበሩን በወንፊት አጥልለው ያስቀሩ። ሎሚ ባይኖር በምልክቱ ላይ 5 በመቶ የሚል አቼቶ በዚያው መጠን ይሠራል፤ አቼቶ ሽታው ስለሚቀር ማጠቡ ላይ መበርታት ያስፈልጋል። ጭማቂውን በዚያው ልክ ለብ ያለ ውሃ ያቅጥኑት። ሳይቀጥን የገባ ሎሚ በወደቀበት ቦታ ያለውን ወተት ብቻ በድንገት አጠንክሮ አይቡን አሸዋማ ያደርገዋል። ለመጠባበቂያ አንድ ተጨማሪ ሎሚ ከአጠገብዎ አይራቅ፤ የሎሚ ጉምዛዜ ከፍሬ ፍሬ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያልና።

ወፍራም ቂጥ ያለውን ድስት ይምረጡ። ወተቱን ከማፍሰስዎ በፊት ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁትና ሳያደርቁት ወተቱን ይጨምሩ፤ ይህ ወተቱ ከታች እንዳይይዝ ይረዳል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። በከሰል የሚሠራ ሰው ፍሙ ነበልባሉን ጨርሶ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ አለበት። የድስቱን ወለል በእንጨት ማማሰያ እየጠረጉ ያማስሉ፤ መንቀሳቀስ ያለበት የላዩ ሳይሆን የታቹ ነው። ወተቱ አረፋ አውጥቶ ሲነሣ እሳቱን ቀንሰው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ካፈሉት በኋላ ድስቱን ያውርዱት።

አሁን ጥቂት ይታገሡ። አሲዱ የሚገባው ወተቱ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው። እዚህ መፍያው ራሱ 91 ስለሆነ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢያርፍ ይበቃል፤ ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ግን መነሻውም አየሩም ስለሚሞቅ አራት አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። በጣም እየፈላ እያለ ከገባ ፓኒሩ ይጠነክራል፤ ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ልል ሆኖ አይያዝም።

የቀጠነውን ሎሚ በማንኪያ እየቀዱ፣ በድስቱ ዙሪያ እያዳረሱ ይጨምሩ። ከእያንዳንዱ ማንኪያ በኋላ ማማሰያውን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ማዞር ነው፤ መምታት አይገባም። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ቀጥሎ በማማሰያው ጀርባ ላይ እንደ ሰሞሊና ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ከዚያ ወተቱ በአንድ ጊዜ ይከፈልና ነጩ አይብ ከብጫማው አጓት ይለያል። እናቴ ከመንዝ መጥታ አጠገቤ ቆማ ሳለች ቴርሞሜትሩን ደጋግሜ ሳነሣ አይታ፣ «ልጄ፣ ቁጥሩን ተይውና አጓቱን እይው፤ ከጠራ በቃው» አለችኝ። ፓኒር ሠርታ አታውቅም፤ የአሬራን አጓት ግን ዕድሜ ልኳን አይታዋለች፤ ምልክቱም አንድ ነው። አጓቱ ጠርቶ፣ ወደ ብጫና አረንጓዴ የሚያዳላ መልክ ይዞ የማንኪያው ወለል በውስጡ ከታየ ሎሚ መጨመር ያቁሙ፤ ከተዘጋጀው ቢተርፍ ይትረፍ። ገና የወተት መልክ ካለው ግን ሎሚው ቢያልቅም አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። ልኬት የሚያገለግለን መነሻውን ለማግኘት ነው፤ ማብቂያውን የሚያሳየን አጓቱ ነው።

ድስቱን ከድነው ለ5 ደቂቃ ያህል ይተዉት። በዚህ መሐል በወንፊት ላይ ንጹሕ ስስ ጨርቅ በሁለት ተደርቦ ይነጠፍ። ለዚህ ያረጀ ነጠላ የሚተካከለው የለም፤ ጥለቱ ተቆርጦ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ የወጣ መሆን አለበት። ከወንፊቱ ሥር ሰፊ ዕቃ ያስቀምጡ፤ አጓቱ ይፈለጋልና። አይቡን በማማሰያ ቀዳ እያደረጉ ወደ ጨርቁ ያዛውሩትና አጓቱን በመጨረሻ በላዩ ያፍስሱት። አጓቱ ሲወርድ ዕቃውን ቀይረው አይቡን በአንድ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ የሎሚው ጣዕም የሚሄደው በዚህ ነው። ጨው የሚፈልግ ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ 3 ግራም ገደማ፣ እዚህ ላይ ነስንሶ በእጁ ያዋሕደው።

የጨርቁን አራት ጫፍ ሰብስበው ያንሡትና ውሃው በራሱ ጊዜ ይንጠብጠብ፤ ጠምዝዞ መጭመቅ ስቡን ያወጣዋል። መንጠባጠቡ ሲቀንስ ጨርቁን እንደ ፖስታ አጥፈው፣ ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሰጥተው በዘንባላ ትሪ ላይ ያሳርፉት። በላዩ ጠፍጣፋ ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ደግሞ ክብደት ይጫናል። የታጠበ መጅ የሚጭኑ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ እመርጣለሁ፤ ክብደቱ ሁለት ኪሎ መሆኑ ይታወቃልና ሥራው በየጊዜው አንድ ዓይነት ይወጣል። ወጥ ውስጥ ለሚገባ ልስልስ ፓኒር ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለሚጠበስ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ መጫን ያደርቀዋል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ መጫኑ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ከመጫኛው የወጣውን ፓኒር ከጨርቁ አውጥተው በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይንከሩት። በውርጭ ወራት ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ እዚህ አገር ማቀዝቀዣ አያስመኝም። ቅዝቃዜው ስቡን አጠንክሮ ፓኒሩ በቢላ ሲቆረጥ እንዳይፈረፈር ያደርገዋል፤ በሙቀቱ የሚቆርጡት ሁሉ የሚያማርሩት ይህን ደረጃ በመዝለላቸው ነው።

ሲበላሽ

ፓኒሩ ሲቆረጥ ከተፈረፈረ አሲዱ በዝቶ ወይም በሙቀቱ ተቆርጦ ነው። ሲታኘክ እንደ ላስቲክ ከሆነ ሎሚው ከገባ በኋላ እሳት ላይ ቆይቷል፤ ወይም ወተቱ ክሬሙ የተገፈፈ ነበር። አጓቱ አልጠራ ካለና ሎሚ ቢጨመርም ካልተለወጠ ወተቱ ቀዝቅዞ ሊሆን ስለሚችል ድስቱን ወደ ቀስታ እሳት መልሰው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳያማስሉ ያሙቁት፤ ያን ጊዜ ካልተለየ ወተቱን መመርመር ነው። የተፈረፈረውን ፓኒር መጣል አያስፈልግም፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይበላል።

አጠቃቀሙና አቀማመጡ

ለእኛ ማዕድ በቶሎ የሚስማማው ከቆስጣ ጋር ነው፤ ሕንዶቹ በስፒናች ከሚሠሩት ወጥ እጅግ ይቀራረባል። ቆስጣው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከበሰለ በኋላ በቅቤ ጠቆር እስኪል የተጠበሰው ፓኒር በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይገባበታል። ሲጠበስ ቶሎ ቶሎ አያገላብጡት፤ ከታች ቅርፊት ሲይዝ በራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል። ቁሌቱ በደንብ በበሰለ በርበሬ ወጥ ውስጥም ይሆናል። በሚጥሚጣ የተነሰነሰው ጥብሱ ደግሞ ለብቻው ማባያ ነው።

አጓቱን አያፍስሱ። ሁለት ሊትር ወተት ከአንድ ሊትር ተኩል የማያንስ አጓት ይሰጣል። የድፎ ዳቦ ሊጥ ሲቦካ የውሃውን ግማሽ በአጓት ብተካው ዳቦው ልስልስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሙሉውን ስተካው ግን የሎሚው ጉምዛዜ ጎልቶ ታወቀኝ። ለአትክልት ሾርባም ይሆናል።

ፓኒር በንጹሕ ውሃ ተነክሮ፣ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ፣ በማቀዝቀዣ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ያንሸራተተ ወይም የመረረ ከሆነ ይጣል። ከዚህ የተሻለው በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ማስቀመጥ ነው፤ ይህም በተለይ የሚጠቅመው በጾም ወራት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ሲቀንስ ላም ያላቸው ቤቶች የሚያደርጉት ወተቱን ወደ ቅቤ መለወጥ ነው፤ ከወተቱ ከፊሉን ፓኒር አድርጎ ለፋሲካ ማቆየትም ይቻላል። ተቆራርጦ፣ ቁራጮቹ እንዳይጣበቁ በትሪ ላይ ተራርቀው ከጠነከሩ በኋላ በላስቲክ ታሽጎ፣ የተሠራበት ቀንና ክብደቱ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ እስከ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ሲወጣ ለብቻው እንዲቀልጥ መተው ፍርፍር ያደርገዋል፤ የፈላ ውሃ ላይ ጥቂት ጨው ጨምረው ቁራጮቹን ለ10 ደቂቃ ያህል ቢነክሯቸው ልስላሴያቸው ይመለሳል፤ ከዚያ ውሃውን አጥልለው በቀጥታ ወደ ወጡ ወይም ወደ መጥበሻው ማስገባት ነው።